ጉበት የተተከለላት ልጄን ክትትል በተመለከተ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ በሕፃንነቷ ሕንድ አገር ጉበት ተተክሎላታል፤ የሰጣት አባቷ ነው። አሁን፣ ተመስገን፣ አንደኛ ክፍል ገብታለች።

የቸገረኝ ክትትሉ ነው። ሰውነቷ የተተከለውን ጉበት እንዳያጠቃው የሚከላከለውን ታክሮሊመስ የተባለ መድኃኒት ጠዋትና ማታ 2 ሰዓት ላይ ትወስዳለች። በደሟ ውስጥ ያለው መጠን የሚለካው የማታውን ከወሰደች 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ የጠዋቱን ሳትውጥ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ የምንሄድበት ላብራቶሪ ግን ደም መቅዳት የሚጀምረው 3 ተኩል ላይ ነው። ባለፈው «ችግር የለውም፣ መድኃኒቱን ውጣ ትምጣ» አሉን። ውጤቱ ሰማይ ነካ! በዚህ ቁጥር ተመርቶ መድኃኒቱን መቀነስ ማለት እኮ ሰውነቷ ጉበቱን እንዲያጠቃው በር መክፈት ነው።

ሌላም አለ። በደም ምርመራ የታዩት የጉበት ኢንዛይሞቿ ደህና ናቸው። ሐኪሟ ግን ኢንዛይም ደህና ሆኖም ጉበት ውስጥ ለውስጥ ጠባሳ ሊይዝ ይችላል፣ ፋይብሮስካን (ጉበቱ ምን ያህል እንደጠነከረ ከውጭ የሚለካ ምርመራ)፣ ካስፈለገም ባዮፕሲ (ከጉበቱ ቅንጣት ወስዶ መመርመር) ይታሰብ ብለውናል።

መሃል ከተማ በጠዋት ደም ቀድቶ ታክሮሊመስ የሚለካ ቦታ ታውቃላችሁ? ለልጅ ፋይብሮስካን የሚሠራስ? ኩላሊትና የደም ግፊትስ በየስንት ጊዜ ታሳያላችሁ? ናሙናውን ውጭ አገር የሚልክም ቢሆን ግድ የለኝም፤ ብቻ ውጤቱ ቶሎ ይድረስ፣ ሁሌም እዚያው እናስለካ።