የእግረኛ መንገዱ የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቅ 3 ላይ የሚሰጥ አስተያየት

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 3 ተለጥፏል። 400 ሜትሩን መንገድ ሳይቆራረጥ ማስኬድ፣ ሦስቱን መሻገሪያ ወደ እግረኛ መንገዱ ከፍታ ማንሳት፤ ጉዳዩ ይኸው ነው። ያለፈው ሐሳብ ለምን እንደተመለሰ ታውቃላችሁ። አሳጥሩ።

ቴክኒክ፦ «ስፋት 2 ሜትር» ብቻ አይበቃም። «ከምሰሶ፣ ከዛፍና ከሣጥን የጸዳ 2 ሜትር» ይባል። አለዚያ ተቋራጩ 2 ሜትር አንጥፎ መሃሉ ላይ ምሰሶ ያቆምበታል፤ በተረፈው ዊልቸር አያልፍም። የጎን ተዳፋቱ ከ2 በመቶ፣ የራምፑ ተዳፋት ከ1 ለ12 (በ12 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር ከፍታ) አይብለጥ። የውሃ ፍርግርጉ ቀዳዳ ለአካሄድ አግድም ይሁን፣ አለዚያ ጎማ ይውጣል።

ሒሳብ ያዥ፦ ንጣፉን ማነው ግራጫ ያለው? ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥተን ሲሚንቶ ልናይ ነው? ቢጫ ይሁን።

ቴክኒክ፦ የዓይነ ስውራን መሪ ንጣፍ ቢጫ ነው። ዙሪያው ቢጫ ከሆነ ይጠፋል።

አባል፦ ዓይነ ስውር ቀለም ምን ያደርግለታል?

ቴክኒክ፦ ብዙዎቹ በጥቂቱ ያያሉ። ንፅፅሩ ለእነሱ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ እንግዲያው ቀይ።

አባል፦ ቀይ ከሆነ ከኮንክሪቱ ጋር የተቦካ ይባል። ላዩ ብቻ የተቀባ በጫማ ይላጣል። ትርፍም ይታዘዝ፤ ለቧንቧ በተቆፈረ ቁጥር ሌላ ዓይነት ቀይ ይመጣና ልብስ የተጣፈ ይመስላል።

ሒሳብ ያዥ፦ ግራጫም ይቆፈራል!

ጸሐፊ፦ ቀለም፣ ቀለም፣ ቀለም። ምሰሶዎቹን እለካለሁ ያለው ሰውዬ የት ገባ?

ሒሳብ ያዥ፦ ቀለሙ ሳይወሰን አልፈርምም። ቴክኒክ ነኝ እያልክም አታስፈራራን።

ቴክኒክ፦ ማን አስፈራራ? የንጣፉን ውፍረት ሁሉንም 6 ሳንቲ አድርጋችሁ የቆጠባችሁት እናንተ። መኪና በሚገባበት በር ላይ 8 ካልሆነና ሥሩ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ይሰምጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። ያኔ ቀዩንም ግራጫውንም ጭቃ ያለብሰዋል።

ሒሳብ ያዥ፦ በሩ ላይ 8 ይሁን። ቃሌን አንስቻለሁ። ቀዩን ግን አላነሳም።

ሰብሳቢ፦ መንገዱ ግራጫ፣ አደባባዩ ቀይ ክብ፣ መሃሉ ላይ የማኅበሩ አርማ። ወጪው እንዲበቃ መሻገሪያዎቹ ለሁለተኛ ዙር ይቆዩ።

ቴክኒክ፦ መኪናውን የሚያቀዘቅዘው እኮ መሻገሪያው ነው! 10 ሳንቲ ከፍ ሲል ሾፌሩ ሳይወድ በግድ ፍሬን ይይዛል። ብትቀንሱ አንዱን ቀንሱ።

ሰብሳቢ፦ አንዱ ይግባ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ ያለው።

ቴክኒክ፦ እሱም ጎርፉ ከሚመጣበት ወገን የውሃ ማስገቢያ ካልተሠራለት ግድብ ነው የሚሆነው። ማስገቢያው ዋጋው ውስጥ ይግባ።

ጸሐፊ፦ ከአርማው ተርፎ ከሆነ። ረቂቅ 4ን ማታ እለጥፋለሁ። የምሰሶዎቹ ልክ አሁንም የለም፤ ቦታው ባዶ ይሄዳል።

አባል፦ አርማው በነጭ ነው በጥቁር?

ሒሳብ ያዥ፦ በነጭ። ጥቁር ቀይ ላይ አይታይም።

አባል፦ ነጭ ይቆሽሻል።