ሀብታም ሠፈር ውስጥ የተራበ አለ? ለመርዳትስ ከየት ይጀመራል?

አዲስ ገቢ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖርበት አካባቢ ደህና ኑሮ ያላቸው ሰዎች የሚበዙበት ነው። አጥሩ ረጅም፣ መኪናው አዲስ፣ ሣሩ እንኳ እኩል የተከረከመ። ከእኛ ትንሽ ወረድ ብሎ የምግብ እርዳታ የሚያከፋፍል ድርጅት እንዳለ ያወቅሁት ገና አሁን ነው። ማክሰኞ ጠዋት በዚያ ሳልፍ ሰልፍ አየሁ። ከተሰለፉት አንዷ ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። አየችኝና ፊቷን አዞረች። እኔም እንዳላየ ሰው አለፍኩ። እስካሁን ሲያሳፍረኝ ነው ያለው።

ማታ የጎረቤቶች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ለምን ምግብ አናሰባስብም?» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ሰው አውራ ጣት ሰጠኝ። አንዱ ደግሞ «እዚህ ሠፈር የተራበ የለም፣ የእውነት ችግር ወዳለበት ላኪ» አለኝ። ከዚያ ሁሉም ጭጭ። (በነጋታው ስለጠፋች ድመት 40 መልእክት ተጻፈ። ድመቷ ተገኝታለች።)

እና እናንተ ምን ትላላችሁ? እንዲህ ያለ ቦታ መርዳት ትርጉም አለው? ካለውስ የቱ ይሻላል፣ ምግብ ሰብስቦ መውሰድ፣ ገንዘብ መስጠት ወይስ ሄዶ በጉልበት ማገዝ? ድርጅቱ የእውነት መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?

የመጋዘን ሰው

የምግብ ባንክ (ትርፍ ምግብ ተቀብሎ ለቸገረው የሚያደርስ ድርጅት) መጋዘን ውስጥ ስድስት ዓመት በበጎ ፈቃድ ካርቶን ስለይ ኖሬያለሁ፣ ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ገንዘብ ስጪ።

ሰው ይሄን ሲሰማ ቅር ይለዋል። በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ ገዝቶ መሰብሰቢያ ሣጥን ውስጥ መጣል ደስ ይላል፣ ለልጅም ለማሳየት ይመቻል። ግን አንቺ በችርቻሮ የገዛሽውን እነሱ በጅምላ በጣም ባነሰ ዋጋ ያገኙታል፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይገዙትም፣ ከነጋዴና ከአምራች የተረፈ ምግብ በነፃ ይሰጣቸዋል፤ የሚቸግራቸው የሚያመጣው መኪና፣ ነዳጁና ማቀዝቀዣው ነው። ያንቺ ቆርቆሮ ግን መጥቶ ይለያል፣ ቀኑ ይታያል፣ የተጨረማመተ መሆን አለመሆኑ ይፈተሻል። አንድ ጊዜ ግማሹ የተበላ ብልቃጥ ክዳኑ በላስቲክ ታስሮ መጥቶልናል። ሰጪው ቅን ሰው እንደነበር አልጠራጠርም።

የነገሩ መነሻም ትርፍ ምግብ ነው። የመጀመሪያውን የምግብ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1967 ፊኒክስ፣ አሪዞና ውስጥ ያቋቋመው ጆን ቫን ሄንግል የሚባል ሰው ነው። እንደሚተረከው ሐሳቡን ያቀበለችው ከሱፐርማርኬት ገንዳ የተጣለ ምግብ እየለቀመች ልጆቿን የምትመግብ እናት ናት፤ የሚጣለውን ምግብ የሚያስቀምጡበትና የቸገረው ሄዶ የሚያወጣበት እንደ ባንክ ያለ ቦታ ቢኖር አለችው። የሚጣለው ደግሞ ቀላል እንዳይመስልሽ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፣ ከዚህ 60 በመቶው ከየቤታችን የወጣ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2016 ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ገና የሚበላ ምግብ ሆን ብለው እንዳያበላሹ በሕግ ከልክላለች፤ ለበጎ አድራጎት የሚሰጡበት ውል እንዲዋዋሉም ታስገድዳለች።

የግድ ምግብ እንሰብስብ ካላችሁ መጀመሪያ ደውላችሁ ምን እንደጎደላቸው ጠይቁ። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ያመጣል፣ መደርደሪያው በዚያው ሞልቶ ሌላው ባዶ ይሆናል። እኛ ጋ ሁሌ የሚጠፋው ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ ሳሙናና የሕፃናት ዱቄት ወተት ነበር። ቆርቆሮም ከሆነ በእጅ የሚከፈተውን ምረጡ፤ መክፈቻ የሌለው፣ እንዲያውም ማብሰያ የሌለው ሰው ብዙ ነው። ቀኑንም እዩ። «እስከዚህ ቀን ቢበላ ይመረጣል» የሚለው የጥራት ጉዳይ ነው፣ «ከዚህ ቀን በኋላ አይበላ» የሚለው ግን ቀልድ አይደለም። የሕፃን ወተት ቀኑ ካለፈ በምንም ዓይነት አይሰጥም።

ፊት ለፊት

እህቴ አትቀየሚኝ፣ እኔ ከጎረቤትሽ ጋር ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 733 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ተርቦ እንደነበር የተባበሩት መንግሥታት በ2024 ገምቶ ነበር። ያው ገንዘብ ድሃ አገር ቢላክ ስንት እጥፍ ሰው ያበላል። ሀብታም ሠፈር ያለ ድሃ ቢያንስ ባለጸጋ ጎረቤት አለው፣ ድሃ ሠፈር ያለው ግን ማን አለው? እዚያ ሠፈር የሚሰጠው ገንዘብ ግማሹ ለሰጪው የህሊና እፎይታ ነው የሚመስለኝ።

ስሜ ይቅር

@ፊት ለፊት የቁጥሩን ነገር አልከራከርህም። «ባለጸጋ ጎረቤት አለው» ስላልከው ግን ልመልስልህ፣ ምክንያቱም እንዲህ ካለ ሠፈር ሆኜ ምግብ ስወስድ የነበርኩት እኔ ነኝ።

የባለቤቴ ሥራ ሲቆም ቤቱም መኪናውም ነበረን። «መኪናውን አትሸጡም?» ይላል ሰው። ሸጬው ሥራ በምን ልሂድ? ኪራይ ካልከፈልሽ ያስወጡሻል፣ መብራት ካልከፈልሽ ይቆርጡብሻል፣ ሆድ ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይጽፍም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። እኛ መጀመሪያ የቀነስነው የእኔን ቁርስ ነበር። ከዚያ የእኔን እራት።

ባለጸጋ ጎረቤትማ ነበረኝ፣ በግራም በቀኝም። እነሱ እንዳያዩኝ ነበር መኪናዬን ሁለት መንገድ ወዲያ አቁሜ በእግሬ የምሄደው። ድሃ ሠፈር ብኖር ቢያንስ ከጎረቤቴ እበደር ነበር፣ እሷም ከእኔ ትበደራለች። እዚህ ግን ማን ደፍሮ ይጠይቃል? የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ሲባል እሰማ ነበር፣ የተራበውም ራሱ የጠገበ መስሎ ሲኖር ነው ጉዱ።

ሁለት ቦታ ወስጃለሁ። አንደኛው የታሰረ ከረጢት ይሰጥሻል፤ ልጅሽ የማይስማማውን ምግብ ጭምር ይዘሽ ትሄጃለሽ። ሌላው እንደ ሱቅ ነው፣ ከመደርደሪያ ራስሽ ትመርጫለሽ። እዚያ የመጀመሪያ ቀን ያነሳሁት ሻይ ነበር። ሻይ አያጠግብም፣ አውቃለሁ። ግን መርጬ ያነሳሁት ነው። የምትረጂው ድርጅት የቱ ዓይነት እንደሆነ እዪ። ካሜራ ይዘው የሚመጡም ነበሩ። በዓል ሲደርስ ባነር ዘርግተው ከእኛ ጋር ፎቶ የሚነሱ። የዚያን ቀን ሰልፉን ትቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ደግሞ ከበዓሉ ይልቅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው የሚከብደው። ትምህርት ቤት ምሳ የሚያገኝ ልጅ በእረፍት ሰሞን ሦስቱንም ቤት ነው የሚበላው። ያን ጊዜ ግን ሰጪው ሁሉ ሽርሽር ላይ ነው።

አዲስ ገቢ፣ ያቺን ሴት ስታገኚያት «ይቅርታ» ምናምን እንዳትያት። እንደ ወትሮው ሰላም በያት፣ በቃ።

ደብተር

ሙያዬ ሒሳብ ነው፣ የመጨረሻዋን ጥያቄ ልመልስ። ድርጅቱ በሕግ መመዝገቡን አጣሪ፣ ዓመታዊ የሒሳብ ሪፖርቱን ጠይቂ፣ ኦዲተሩ ማን እንደሆነ እዪ። የሚያኮርፍ ካለ ሌላ ፈልጊ። እኔ አንድ ጊዜ ሪፖርት ብጠይቅ «እኛን አታምነንም ወይ?» ተብዬ ቡና ተጋብዤ ተመልሻለሁ። ቡናው ጥሩ ነበር፣ ገንዘቤን ግን ሌላ ቦታ ወሰድኩት።

ግን «ለአስተዳደር ስንት በመቶ ያወጣሉ?» በምትባል አንድ ቁጥር ብቻ አትፍረጂ። ሒሳቡን በደንብ የሚይዝ ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። እሱ የሌለበት ድርጅት ወረቀት ላይ ቆጣቢ ይመስላል፣ ምግቡ ግን መጋዘን ውስጥ ይበላሻል።

ሌላው፣ በዓመት አንዴ ጠቀም ያለ ገንዘብ ከመስጠት በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይሻላል። በሚቀጥለው ወር ምን እንደሚገባለት የሚያውቅ ድርጅት አስቀድሞ በጅምላ ይገዛል፣ ሹፌርም ይቀጥራል። ጉልበትም እንደዚያው ነው። በበዓል ዋዜማ በጎ ፈቃደኛ ተትረፍርፎ እርስ በርሱ ይጋፋል፣ ተራ በሆነ ማክሰኞ ግን ካርቶን የሚያነሳ የለም።

@ፊት ለፊት፣ ያነሳኸው ስሌት ልክ ነው፣ ሩቅም ስጥ። እኔም እሰጣለሁ። ሩቅ ላለው ግን ገንዘቤን እንጂ ማክሰኞ ጠዋቴን ልልክለት አልችልም።

ፊት ለፊት

እሺ፣ የሰልፉ ታሪክ ከብዶኛል። ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም፣ «የህሊና እፎይታ» ያልኩትን ግን አንስቻለሁ።

አዲስ ገቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደወልኩላቸው። ቆርቆሮ አሁን አንፈልግም አሉኝ፤ የቸገራቸው ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከሱቆች የተረፈውን በመኪና የሚያመጣ ሰው ነው። የኔ መኪና ኋላው ሰፊ ስለሆነ ገባሁበት። ሪፖርቱንም ጠየቅሁ፣ በዚያው ቀን በኢሜይል ላኩልኝ። ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑ በር ላይ ተለጥፏል።

ግሩፑ ላይ ደግሞ ስለ ረሃብ ምንም ሳላነሳ፣ በየወሩ ከባንክ በራሱ የሚቆረጥ ትንሽ ገንዘብ መስጠት የሚፈልግ ካለ ብዬ የሒሳብ ቁጥሩን ብቻ ለጠፍኩ። እስካሁን አራት ቤት ገብቷል። ከድመቷ ጋር አይወዳደርም፣ ግን አራት ነው።

ያቺን ሴት ትምህርት ቤት በር ላይ ሰላም አልኳት። ሰላም አለችኝ።

ሌላም አለ። «እዚህ የተራበ የለም» ያለኝ ሰውዬ ትናንት ማታ በግል ጻፈልኝ። «ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምሩት?» ብቻ ነው ያለው። ለማገዝ ይሁን ለሌላ አልጠየቅሁትም። ሰዓቱን ነገርኩት፣ ከኋላ በኩልም ማቆሚያ እንዳለ ጨመርኩለት።