ክርክር፦ የፎገራ ሩዝ ከቀረጥ ጀርባ ይቆይ ወይስ ገበያው ይከፈት?

አስተባባሪው (ባህር ዳር)፦ ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ስለ ውጭ ሩዝና ስለ ፎገራ ሩዝ የተነሳው ጭቅጭቅ ሳይቋጭ አድሯል። ዛሬ በወጉ እንከራከርበት። ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፦ አገራችን የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2018 ኪጋሊ ላይ ፈርማ በ2019 አጽድቃለች። በስምምነቱ መሠረት ከዕቃ ዓይነቶች በ90 በመቶው ላይ ያለው ቀረጥ ቀስ በቀስ ይነሳል። እንደ እኛ ላሉ አገሮች የተሰጠው ጊዜ 10 ዓመት ነው። 7 በመቶው ከዚያም ይረዝማል፤ 3 በመቶው ጭራሽ አይነካም። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ደግሞ ያመለከትነው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ጥያቄው፦ ሩዝ የት ይመደብ? ስድብ የለም፣ ዘርና ፓርቲም የለም።

የወረታው ልጅ፦ ከማይነካው 3 በመቶ ውስጥ። አለቀ። ሃይቲን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1995 የሩዝ ቀረጧን ወደ 3 በመቶ አወረደች። መንግሥት የደጎመው የአሜሪካ ሩዝ ጎረፈ፣ የአገሬው ገበሬ ከገበያ ወጣ። ያኔ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቢል ክሊንተን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርቦ ስህተት እንደነበር አምኗል። የጠቀመው የእሱን የአርካንሳስ ገበሬዎች ነው። ፎገራ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ነው። ሩዙ ከቀረ እዚያ ጭቃ ላይ ምን እንዝራ?

የሆቴል ዕቃ ገዢ፦ ወንድሜ፣ ሃይቲን ተወውና ወጥ ቤት ልውሰድህ። የአገር ውስጡን አንድ ኩንታል ገዝቼ አስገባሁ። ሁለት ልጆች ሰፌድ ይዘው ግማሽ ቀን ጠጠር ለቀሙ። ከተለቀመ በኋላም ሲበስል ይቦካል፤ ግማሹ ስባሪ ነው። የውጩን ግን ከረጢቱን ቀድጄ ድስት ውስጥ ነው የምጨምረው። እንግዳዬ ጥርሱ ጠጠር ላይ ካረፈ ተመልሶ አይመጣም። ቀረጥ ጨምሩ ስትሉ ሒሳቡን የሚከፍለው በላተኛው መሆኑን አትርሱ።

እንጀራ ጋጋሪዋ፦ እኔ የምለው፣ የምን ጸብ ነው? የፎገራውንና የውጩን አንድ ሰው እኮ አይገዛቸውም። የጤፍ ዋጋ እንዲህ ሰማይ ከነካ ወዲህ ሩዝ ሳልቀላቅል ጋግሬ አላውቅም። የፎገራው ዱቄት እንጀራውን ነጭ ያደርገዋል፣ ዓይኑም ያምራል። ስባሪ ቢሆን ምን ቸገረኝ፣ ወፍጮ ቤት ነው የሚሄደው። ችግሩ ልክ ማወቅ ነው። ሩዝ ከበዛበት በማግስቱ ይደርቅና ደንበኛ ይጮህብኛል።

የሕግ ተማሪው፦ እትዬ ትልቁን ነገር ተናግረዋል። እኔ ደግሞ አንድ የተቀላቀለ ነገር ልለይ። አህጉራዊው ስምምነት የሚያነሳው ከአፍሪካ አባል አገር የሚመጣ ዕቃ ላይ ያለውን ቀረጥ ነው። የስሪት አገር የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። የሕንድ ወይም የፓኪስታን ሩዝ ሞምባሳ ላይ ከረጢት ስለቀየረ ኬንያዊ አይሆንም። ስለዚህ በዚህ ስምምነት ተወዳዳሪያችሁ ታንዛኒያና ግብፅ ናቸው። የእስያው ሩዝ ጥያቄ የሚመጣው በዓለም ንግድ ድርጅት ድርድር ነው። እዚያ ደግሞ አባል መሆን ማለት ቀረጥን ዜሮ ማድረግ አይደለም። አገሪቱ ከዚህ በላይ አልጨምርም የምትልበትን ጣሪያ ተደራድራ ታስመዘግባለች። ክርክሩ ስለ ጣሪያው ቁመት ቢሆን ይሻላል።

የወረታው ልጅ፦ ወረቀቱ ጥሩ ነው። መተማ ላይ በሌሊት የሚያልፈውን ጭነት ግን የምስክር ወረቀት አምጣ የሚለው ማነው?

የሕግ ተማሪው፦ እሱ ኮንትሮባንድ ነው። ቀረጡን ከፍ ባደረግክ ቁጥር ትርፉ ይጨምራል። መልስህ ራስህን ነው የመታው።

ከዓሣ ገበያ፦ ስለ መተማ ከተነሳ እኔም ልግባ። የጣና ደረቅ ዓሣ ድሮም ወደ ሱዳን ነው የሚሄደው። እኛ ቋንጣ ዓሣ ብዙም አንወድም፣ እነሱ ይወዱታል። ስምምነት ኖረም አልኖረም ይሄድ ነበር። ከሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት በኋላ መንገዱ ራሱ መከራ ሆነ። በሌላ በኩል ርካሹ የውጭ ስስ መረብ ገብቶ የዓሣ ጫጩቱን ሳይቀር እየጠረገው ነው። ንግድ ሲከፈት ምን እንደሚገባም ይታይ ለማለት ነው። ወደ ሩዛችሁ ተመለሱ።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ስሙን ተዉት። ቀረጥ ጠብቆን ነበር። ተወዳዳሪ ስላልነበረብን ያመረትነው ሁሉ ይሸጣል። ታዲያ ማሽን ለማደስ ማን ይቸኩላል? መለዋወጫ ከአሮጌ ማሽን እየፈታን ነበር የምንሠራው። ገበያው ሲከፈት ሰልባጁም የቻይናውም ባንዴ መጡብን። ጥበቃ ይኑር እላለሁ፤ ግን የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበት። ቀን የሌለው ጥበቃ ያስተኛል።

የሆቴል ዕቃ ገዢ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የወረታው ልጅ፦ ጋሼን አከብራለሁ። ግን የውጩን ሩዝ የማያልቅ ምንጭ አታድርጉት። ሕንድ በሐምሌ 2023 ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክላ እስከ መስከረም 2024 ዘግታው ነበር። የራሷ ሕዝብ እንዳይቸገር ብላ ነው፤ አልፈርድባትም። አጎዋንም አስታውሱ። አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ግቡ ብላ ሰጠች፣ በጥር 2022 እኛን አስወጣች። በሰው በር የሚኖር በሩ ሲዘጋ ውጭ ያድራል።

የሕግ ተማሪው፦ አጎዋ ስምምነት አይደለም፣ ስጦታ ነው። ሰጪው ሲፈልግ ይነሳል። ድርድር ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ የተፈረመ ነገር መክሰሻ ይሆናል። እርግጥ የዓለም ንግድ ድርጅት ይግባኝ ሰሚ አካልም ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ ዳኛ ጎድሎት ሥራ አቁሟል። እሱን አልደብቅም።

አስተባባሪው፦ እንደ አስተባባሪ ሳይሆን እንደ በላተኛ አንድ ነገር ልበል። ወረታ መፈልፈያ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ሩዙ ከመምጣቱ በፊት መሬት ላይ ተሰጥቶ ነው የሚደርቀው። ጠጠሩ የሚገባው እዚያ ነው። ፀሐይ ሲበዛበት ፍሬው ውስጡ ይሰነጠቃል። ከዚያ አሮጌው ማሽን በብረት ሲፈትገው ይሰባበራል። የጎማ ሮለር ያለው ማሽን ሙሉ ፍሬ ያወጣል። ጥሩ ሸራና ጥሩ ማሽን የሌለውን ሩዝ ቀረጥ ብቻውን ሆቴል አያስገባውም። ለእኔ ሩዝ ከ7 በመቶው ይግባ፤ ጊዜው ይረዝማል እንጂ ለዘላለም አይዘጋም። ማሽኑና መለዋወጫው ግን ዛሬውኑ ለትንሹም መፈልፈያ ከቀረጥ ነፃ ይግባ። ለትልቅ ባለሀብት ሲሆን እኮ ይገባል።

የወረታው ልጅ፦ ማሽኑ ላይ እስማማለሁ። 7 በመቶው ላይ አልስማማም። መፈልፈያ ያለው ባለ ማሽኑ ነው፤ ገበሬው ያልተፈለፈለ ሸጦ ነው የሚሄደው። ሩዙ ቢያምርና ዋጋ ቢያወጣ ትርፉ ለማን ነው? እስቲ እሱን መልስልኝ።

እንጀራ ጋጋሪዋ፦ ሩዙ አምሮ ሆቴል ከገባማ ስባሪው ይወደድብኛል። እኔንስ በየትኛው በመቶ ልትመድቡኝ ነው?