የማኅበሩ ኤም ጂ ቢ ሞተር ወደ ፋብሪካ መልኩ፦ ረቂቅ 3

ጸሐፊ
ሁለቱን ረቂቆች ሁሉም ስላነበበ የተቀየረውን ብቻ እጽፋለሁ። መኪናዋ፣ የእንግሊዟ ኤም ጂ ቢ ስፖርት መኪና፣ እ.ኤ.አ. የ1965 ናት፤ ሞተሩ 18ጂቢ የሚባለው ዓይነት፣ 1798 ሲሲ፣ ባለ አምስት ብሮንዚን (ዋናው ዘንግ የሚሽከረከርበት መቀመጫ)። የምንሠራው መልክ እንጂ ጉልበት አይደለም። ኮፈኑ ሲከፈት ከአቢንግደኑ የኤም ጂ ፋብሪካ ስትወጣ የነበረው ይታይ። ብሎኩ፣ ቴስታታው (ከብሎኩ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ)፣ የዘይት ገንዳውና የቫልቭ ክዳኑ በአንድ ጠቆር ያለ ቀይ። የጭስ ማኒፎልዱ ባዶ ብረት፣ የካርቡራተሮቹ ማኒፎልድና ካምቢዮው ባዶ አሉሚኒየም። የሚያብረቀርቅ ጌጥ የለም። 900 ፓውንድ፣ በ12 ሰው 75። አስተያየት እስከ እሑድ።

ካንዴላ
ጌጥ የለም ካልክ የአሉሚኒየሙ የቫልቭ ክዳንስ? ጋሼ የሰጡት። ረቂቁ ዘሎታል።

ጸሐፊ
አልዘለለውም። «በአንድ ቀለም» ይላል። ይወርዳል።

ጋሼ ኤም ጂ
ይወርዳል? ያ ክዳን ሲመጣ ሁላችሁም አጨብጭባችኋል። የድሮው የቆርቆሮ ክዳን ዘይት እያንጠባጠበ ጭስ ማኒፎልዱ ላይ ሲቃጠል መኪናው ውስጥ መቀመጥ የማይቻልበትን ጊዜ ረሳችሁት። አሉሚኒየሙ ከገባ ወዲህ ጠብታ የለም። ውሃ ቀጠነ አትበሉ።

አቢንግደን
ጋሼ፣ ጥፋቱ የቆርቆሮው ሳይሆን የአጠባበቁ ነው። ያን ክዳን የሚይዙት ሁለት ዳዶዎች ብቻ ናቸው፤ የሚፈልጉት 4 ፓውንድ ፉት ነው፣ ወደ 5 ኒውተን ሜትር። ሰው እንደ ጎማ ዳዶ ያጠብቃቸዋል፤ የክዳኑ ከንፈር በዳዶዎቹ በኩል ይጎብጣል፣ ቡሹ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳይወጣ በመሃል የሚገባው ማሸጊያ) ተጨምቆ ይወጣል፣ መሃሉ ይከፈታል። ክዳኑን መስታወት ላይ ደፍቶ ከሥሩ ብርሃን የሚያልፍበትን ማየት ነው። ጎባጣውን እንጨት ላይ አስደግፎ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መመለስ። ጓርኒሲዮኑን በክዳኑ በኩል ብቻ ማጣበቅ፣ በቴስታታው በኩል ስስ ግሪስ። ከዳዶዎቹ ሥር ያሉት ጎማዎች ከደረቁ አዲስ ይግቡ፤ እነሱ ደርቀው ሌላው ሥራ ዋጋ የለውም።

ካንዴላ
ቢያንጠባጥብም ባያንጠባጥብም ፋብሪካው በ1965 የገጠመው ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው። የመኪና ትርኢት ዳኛው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ከላይ ተቀምጦ!

ጋሼ ኤም ጂ
ዳኛው ካርቡራተሮቹን ይይ። የቫልቭ ጩኸቱንም ያዳምጥ፤ ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ነው።

አቢንግደን
ጩኸቱ ከቫልቮቹ ክፍተት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.015 ኢንች፣ ማለትም 0.38 ሚሊ ሜትር። የዘጠኙ ደንብ፦ 8ኛው ቫልቭ ሙሉ ሲከፈት 1ኛውን፣ 6ኛው ሲከፈት 3ኛውን፤ ድምሩ ሁልጊዜ 9። ለመለካት ክዳኑን ማውረድ ግድ ነውና እግረ መንገዱን ይሠራ።

ዳዶ
መካከለኛ መንገድ፦ አሉሚኒየሙን ቀይ እንቀባው። ጋሼም አይከፉ፣ ቀለሙም አንድ ይሁን።

ካንዴላ
ቀልድ ነው? ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየምን ተጭኖ ከተሠራ ቆርቆሮ የማይለይ ዳኛ የለም። እሱ ከሚቀባ እንዳለ ቢቀመጥ ይሻላል።

ጋሼ ኤም ጂ
ደግሞ ልትቀቡት! ክዳኑን መጥቼ እወስደዋለሁ። 75ቱንም እንደዚያው።

ገንዘብ ያዥ
75ቱን ገና አልከፈሉም ጋሼ። የከፈለው ስምንት ሰው ነው፣ 600 ፓውንድ ገብቷል። በክዳን ስትነታረኩ ቀለሙን የጠየቀ አለ?

ቡሎን
እኔ ቀለሙን እይዛለሁ። በየሱቁ ያለው ቀይ አንዱ ከሌላው አይገናኝም፤ አንዱ ይደምቃል፣ ሌላው ወደ ቡኒ ይሄዳል። ብሎኩ ላይ አሁን የሚታየውም አይታመንም፣ ሙቀት አሮጌ በርበሬ አስመስሎታል። ናሙና ሙቀትና ፀሐይ ካልነካው ቦታ ነው የሚወሰደው፦ ዲናሞው የሚታሰርበት ብረት ከብሎኩ ጋር የሚገጥምበት ፊት፣ የዲስትሪቢዩተሩ መያዣ ሥር። በቀጭን ነዳጅ የራሰ ጨርቅ፣ ብረት ሳይነካው። ቅዳሜ ፈትቼ ፎቶ እለጥፋለሁ።

አቢንግደን
ጥሩ። የአቀባቡንም ነገር ረቂቁ ላይ ጨምሩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ፋብሪካው ሞተሩን የረጨው ተገጣጥሞ ነው። ቀለሙ በቴስታታው ጓርኒሲዮን ጠርዝ፣ በዳዶዎቹና በጎን ክዳኖቹ ላይ ሳይቋረጥ ያልፋል። እያንዳንዱን ለይቶ ቀብቶ የሚያብረቀርቅ ቡሎን የሚገጥም ሰው ሥራው ያምራል፣ የፋብሪካ ግን አይመስልም። ሁለት ስስ እጅ ይበቃል፤ ከወፈረ በሙቀት ይላጣል። የሞተር ቁጥሩ ሳህን በቀኝ በኩል በሪቬት ተይዟል፣ በቴፕ ይሸፈን። በአሸዋ ማስፋቅ የሚባል ነገር አልሰማም። አንዲት ፍሬ የዘይት መስመር ውስጥ ብትቀር ብሮንዚኑን ትበላዋለች። የሽቦ ብሩሽ፣ ላምባ፣ ትዕግሥት። ኮስቲክ ሶዳም ከአሉሚኒየም ይራቅ።

ዳዶ
ሁለቱ የጎን ክዳኖችስ? እነሱም ያልባሉ።

አቢንግደን
ያው በሽታ ነው። እያንዳንዳቸው መሃል ላይ አንድ ቡሎን አላቸው፤ ሲጠብቅ ቆርቆሮው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ጓርኒሲዮን እየቀየሩ ቡሎኑን መርገጥ ያባብሰዋል። ከመቀባቱ በፊት ይስተካከሉ፣ ቀለም በዘይት ላይ አይዝም።

ጸሐፊ
ቡሎን፣ ቅዳሜ አለፈ። ፎቶው?

ካንዴላ
ቡሎን በሌላ ቦታም አልመልስ ብሏል። ጋራዡ የእሱ፣ የሞተር ማንሻውም እሱ ዘንድ።

ዳዶ
ቀለም ከመቀባታችን በፊት ኮምፕረሽን፣ ማለትም የየሲሊንደሩን ግፊት፣ በፒ ኤስ አይ ለካሁ። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ። 1ኛ 155፣ 2ኛ 110፣ 3ኛ 108፣ 4ኛ 155። 2ኛና 3ኛ ላይ አንድ አንድ ሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሬ ደገምኩ፣ ቁጥሩ አልተነሳም።

አቢንግደን
እንግዲያው የፒስተን ቀለበቶቹ አይደሉም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ሲወርዱ ወይ የቴስታታው ጓርኒሲዮን በመሃላቸው ተቃጥሏል፣ ወይ ቴስታታው ተሰንጥቋል። 2ኛና 3ኛ የጭስ መውጫቸው አንድ ነው፣ ሁለቱ የጭስ ቫልቮች ጎን ለጎን ናቸው፤ ይህ ቴስታታ የሚሰነጠቀውም በእነሱ መቀመጫዎች መካከል ነው። ቴስታታው መውረዱ አይቀርም።

ካንዴላ
መልክ ነበር የተባለው። ቴስታታ አልነበረም።

ጋሼ ኤም ጂ
የታመመ ሞተር ቀብታችሁ ለማን ልታሳዩ ነው? ውሃው ቀድሞ ይውጣ። የቴስታታውን አስራ አንድ ዳዶ ከመሃል እየጀመረ የሚያጠብቅ፣ ከዳር እየጀመረ ይፈታል። ከአስራ አንዱ አራቱ የሮከር ዘንጉንም (ቫልቮቹን የሚገፉት ክንዶች ያሉበትን) ስለሚይዙ አብረው ነው የሚላሉት፤ አንዱን ቀድሞ የፈታ ዘንጉን ያጎብጣል። ሲመለስ 50 ፓውንድ ፉት፣ በሦስት ዙር።

አቢንግደን
ከወረደ አይቀር ለጭስ ቫልቮቹ አራት ጠንካራ መቀመጫ ይገባ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን በብሪታንያ ከ2000 ወዲህ ከገበያ ወጥቷል፤ ለስላሳው ብረት ረጅም መንገድ በፍጥነት ሲሄድ ይበላል፣ የ0.38 ክፍተቱም እየጠበበ ይዘጋል። ነገር ግን መጀመሪያ በግፊት ይፈተሽ፤ ለተሰነጠቀ ቴስታታ መቀመጫ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ቶርኖ ቤቱም 2ኛና 3ኛ ላይ ሲቆርጥ ጠልቆ ወደ ውሃው እንዳይገባ።

ገንዘብ ያዥ
ጠየቅኩ። መፈተሽ፣ አራት መቀመጫ፣ የቫልቭ ጋይዶች፣ ፊቱን ማስተካከል፦ 480። የጓርኒሲዮን ስብስብ 60። ካለው 600 የሚተርፈው 60 ነው። የቤንዚን ጎማዎቹም ከ2021ዱ ኢ10 (እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን) በፊት የተገዙ ስለሆኑ ይቀየሩ ተብሏል። ሒሳቡን እናንተ ሥሩ።

ካንዴላ
ስለዚህ ለቀለምም ለቆርቆሮ ክዳንም ምንም የለም። ረቂቅ 4 ላይ «የፋብሪካ መልክ» የሚለውን ሰርዙት በቃ።

ጸሐፊ
አልሰርዝም። «በሁለተኛ ደረጃ» ብዬ አስገባዋለሁ።

ዳዶ
ቴስታታውን አወረድነው። ጋሼ ረዱኝ፣ ክዳናቸውን ግን ይዘው ሄደዋል፤ የቆርቆሮውም የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። 2ኛና 3ኛ መካከል ጓርኒሲዮኑ እስከ ብረቱ ተቃጥሏል፤ የጭስ መቀመጫዎቹ መካከል ደግሞ ፀጉር የምታህል መስመር አለች። ጥላሸት ትሁን ስንጥቅ በዓይን አልለየሁትም። ሲሊንደሮቹን ዘይት ቀብቼ ብሎኩን በላስቲክ ሸፍኛለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ቶርኖ ቤቱ ለማክሰኞ ይዞልናል፣ 200 ቅድሚያ ከፍያለሁ። ቴስታታውን የሚያደርስ መኪና ያለው ሰው ይጻፍ። ያልከፈላችሁ አራት ሰዎችም ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ ቡሎን አንደኛው ነው።