ካኖን 600ዲ ሸጦ ሶኒ መግዛት ለሰርግ ፎቶ ያዋጣል?

አዲስ_ገቢ
ሰላም ለሁላችሁ። ካኖን 600ዲ ከ18-55 ኪት ሌንሱ (ከካሜራው ጋር አብሮ ከሚሸጠው) ጋር አለኝ። እስካሁን ምርቃትና ልደት ነው የምሠራበት፤ ከጥር ጀምሮ ሰርግ ልይዝ ነው። ችግሬ ይሄ ነው፦ ማታ አዳራሽ ውስጥ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፣ ብዙው ይደበዝዛል፣ አንዳንዱ ላይ ጥቁር አግድም መስመር ይወጣል። ቀን ላይ ደግሞ ፊት ይጠቁራል፣ ነጩ ነጠላ ግራጫ ይሆናል። ጓደኞቼ «ካኖን ስለሆነ ነው፣ ሸጠህ ሶኒ ግዛ» ይሉኛል፤ ኒኮን የሚሉም አሉ። ጥፋቱ የካሜራው ነው ወይስ የእኔ? ቦዲውን (ካሜራውን ራሱን) ካልቀየርኩ ያለኝ ብር ለአንድ ሌንስና ለአንድ ፍላሽ ይበቃል።

ብርሃን_ለኪ
ወንድሜ፣ አትሽጠው። የዘረዘርካቸው ችግሮች አብዛኞቹ ሶኒም ብትይዝ ተከትለውህ ይሄዳሉ።

በመስመሩ ልጀምር፤ የሌሎቹንም ምንጭ እሱ ይጠቁማል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙው የአዳራሽ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይን አይለየውም። ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) 1/500 ሰከንድ ላይ ከሆነ ግን የሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አንዱ ጎን መብራቱ ሲደምቅ፣ ሌላው ሲፈዝ ይነሳል፤ መስመር ሆኖ የሚታየው ይሄ ነው። 1/100 ላይ ብታደርገው አንድ ሙሉ ዙር ስለሚይዝ ይጠፋል። ባለ ቀለም የመድረክ መብራት በራሱ ፍጥነት ስለሚርገበገብ ያኔ 1/60 ሞክር።

እንግዲህ መስመር ከወጣብህ ሹተርህ ለአዳራሽ ከሚገባው በላይ ፈጣን ነበር። ካሜራው የጎደለውን ብርሃን በአይኤስኦ (ለብርሃን ያለውን ስሜት በሚጨምረው ቁጥር) ሊሞላ 6400 ላይ ይወጣል፤ አሸዋው የመጣው ከዚያ ነው። ኪት ሌንሱ 55 ላይ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል)። የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ከሱ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ 6400 የጠየቀህን ቦታ በ640 ገደማ ታነሳዋለህ። ቦዲ ብቻ ብትቀይር ይህን ያህል ልዩነት አታገኝም።

ግን 1.8 ላይ ከፍተህ አትተወው። 2 ሜትር ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ ሙሽራው ትንሽ ወደኋላ ካለ እሷ ትጠራለች፣ እሱ ይደበዝዛል። ለሁለቱ ከኤፍ 2.8 እስከ 4፣ ቤተ ዘመድ በሁለት ረድፍ ሲቆም ኤፍ 5.6 በፍላሽ።

ሹተሩ ፈጣን ሆኖ ከደበዘዘ ደግሞ የሳተው ፎከሱ ነው። ከ600ዲ 9 የፎከስ ነጥቦች የመስቀል ዓይነቱ (አግድምም ቁልቁልም መስመር የሚለየው) የመሃሉ ብቻ ነው፤ የዳሮቹ በደብዛዛ ብርሃን ይስታሉ። የመሃሉን ብቻ ምረጥ፣ ዓይን ላይ አድርገህ ቁልፉን በግማሽ ተጫን፣ ከዚያ ፍሬምህን አስተካክል።

ነጠላው ግራጫ የሆነው የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ስለሚሞክር ነው። ቬሎና ነጠላ ፍሬሙን ሲሞሉት «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል፣ ፊትም አብሮ ይጠቁራል። ኤክስፖዠሩን (የብርሃን መጠኑን) ከ+2/3 እስከ +1 ጨምርለት። የጥበቡ ክር ነጥቶ እንዳይጠፋ ካነሳህ በኋላ ብልጭ የሚለውን የብርሃን ማስጠንቀቂያ እይ፤ በ«ራው» (ካሜራው ባላቀነባበረው ሙሉ ፋይል) አንሳ። ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ ግን ፀሐይ የዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ስለምትጥል በረንዳ ወይም ዛፍ ጥላ ሥር አስገባቸው። ይህን የሚተካ ብራንድ የለም።

ሁለት_ካርድ
በተባለው እስማማለሁ፤ ግን «ካሜራ ለውጥ አያመጣም» ወደሚለው እንዳንሄድ። ሰርግ ላይ ልዩነት አለ፤ የሚለየው ሞዴሉ እንጂ የኩባንያው ስም አይደለም። ብዙ የኒኮን ካሜራዎች ውስጥ ያለውን ሴንሰር እኮ የሠራው ሶኒ ነው።

ለእኔ ትልቁ የካርድ ነገር ነው። 600ዲ አንድ ማስገቢያ ብቻ አለው፤ ካርዱ ከተበላሸ የቀለበቱ ሥነ ሥርዓት ተመልሶ አይመጣም። ካኖን 5ዲ ማርክ 3፣ ኒኮን ዲ7200፣ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ሁለት ካርድ ላይ ባንድ ጊዜ ይጽፋሉ። ኒኮን ዲ7500 ደግሞ ከዲ7200 በኋላ ወጥቶ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ ሞዴሉን ለይቶ መጠየቅ ነው። እስከዚያው በ600ዲ የሚሠራ ሰው አንድ ትልቅ ካርድ አይያዝ። 16 ጊጋ ራው ሲሆን 600 ያህል ፎቶ ይይዛል፤ ከቤት ሲወጡ፣ ከቃል ኪዳኑ በኋላ፣ አዳራሽ ሲገባ ካርድ ይቀየር።

ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ዓይን ተከትሎ ፎከስ ማድረጉ እስክስታ ላይ በእውነት ይጠቅማል። ግን ድምፅ አልባውን ሹተር ኤልኢዲ ሥር ከተጠቀምክበት የሸሸኸው መስመር ብሶ ይመጣል፤ ሴንሰሩ ቀስ ብሎ ከላይ ወደ ታች ስለሚነበብ ነው።

አዲስ_ገቢ
መስመር ያለበትን ፎቶ መረጃ አየሁት፦ 1/640፣ አይኤስኦ 6400 ይላል። እንዳላችሁት ነው፤ አልሸጠውም። ፍላሹ የትኛው ይሁን? ያገለገለ 50 ሚሊ ሜትር ስገዛስ ምን ልይ?

ጣሪያ_ነጭ
ፍላሽ፦ ጎዶክስ ቲቲ600 ይበቃሃል። በ4 ትንንሽ የድንጋይ ባትሪ ይሠራል፤ ቻርጅ የሚደረገውን ግዛ፣ ሁለት ሙሉ ቅያሪ ያዝ። ጭንቅላቱን ወደ ጣሪያ አዙረህ በአይኤስኦ 800፣ ኤፍ 4፣ 1/100፣ የፍላሽ ኃይል 1/4 ጀምር፤ ከጨለመ ኃይሉን ጨምር። ይህ የሚሠራው ጣሪያው ነጭና ዝቅ ያለ ሲሆን ነው። ባለ ቀለም ድንኳን ውስጥ ብርሃኑ የድንኳኑን ቀለም ፊት ላይ ይዞ ይመለሳል፤ እዚያ ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) አድርገህ ከጎን በስታንድ አቁመው። ከ1/200 አትለፍ፤ ካለፍክ የፍሬሙ አንድ ጠርዝ በሹተሩ መጋረጃ ይጠቁራል።

ሌንስ፦ ፊቱ ላይ «ኢኤፍ» የሚል ይሁን። «አርኤፍ» ለአዲሶቹ ሚረርለሶች (ውስጣቸው መስታወት ለሌላቸው ካሜራዎች) ነው፣ 600ዲ ላይ አይገባም። ኢኤፍ ግን ነገ ካኖን ሚረርለስ ብትገዛ በአዳፕተር ይሠራል፣ ብርህ አይባክንም። ከ50 ሚሊ ሜትሩ ኤስቲኤም የሚባለው ስሪት ይሻላል፦ መግጠሚያው ብረት ነው፣ የፊልተሩ ስፋት 49 ሚሊ ሜትር። ከሱ በፊት የነበረው መግጠሚያው ፕላስቲክ፣ ፊልተሩ 52 ነው።

የስልክ መብራት በአንድ በኩል አብርተህ በሌላው በኩል እይ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተወው። ከዚያ ጋዜጣ አጋድመህ በ1 ሜትር ርቀት በኤፍ 1.8 አንድ መስመር ላይ በመሃል ነጥብ ፎከስ አድርግ፤ አምስት ጊዜ ደጋግም። ሁልጊዜ ከመረጥከው መስመር በፊት ወይም በኋላ ያለው ከጠራ አትግዛው፤ 600ዲ ይህን ከሜኑ የምታስተካክልበት መንገድ የለውም።