ከሁዳዴ በፊት የሚገባው የጋራ ሐሳብ፦ አንቀጽ አንድ ላይ ቆመናል

ጸሐፊዋ፦
እንደምን አመሻችሁ። እኛ የአራዳና አካባቢዋ ዓሣ ሻጮችና አብሳዮች እሁድ ፒያሳ ተሰብስበን በተስማማነው መሠረት ለክፍለ ከተማውም ለግብርና ሚኒስቴርም የምናስገባውን የጋራ ሐሳብ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ሁዳዴ የካቲት 9 ይገባል። አምና እኛው እርስ በርስ ስንጨቃጨቅ ጾሙ ተፈታ፤ ዘንድሮ ከቅበላ በፊት ማኅተም አርፎበት መውጣት አለበት። አንቀጽ አንድ ለጊዜው ይህን ይመስላል፦

«በአየር ንብረት ለውጥና በኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ የተነሳ የሐይቆቻችን የዓሣ ሀብት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተመናመነ በመምጣቱ፣ ማኅበራችን ለአካባቢ ጥበቃ የሚደረገውን ጥረት በመደገፍ የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል።»

የሚቀየር ካለ እስከ ዓርብ ንገሩኝ።

የፒያሳው፦
«የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለው ካልወጣ እኔ አልፈርምም። አጻጻፍሽን አይደለም እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ። ሠላሳ ዓመት ዓሣ ስሸጥ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ስብሰባ ላይ ሰማኋት መሰለሽ። ውሃ ቀነሰ፣ አየር ንብረት ነው። ዓሣ ጠፋ፣ አየር ንብረት ነው። ሰማይን የከሰሰ ሰው ማንንም አልከሰሰም። ቲሸርት ይለበሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ማታ በዜና ይታያል፤ ጠዋት እኔ ሳጥኑን ስከፍት ቆሮሶው መዳፌን አያህልም። ችግኝ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን 350 ሚሊዮን ተተከለ ሲባል እኔም እንጦጦ ወጥቼ አምስት ተክያለሁ። ግን ችግኙ እንጦጦ ነው፣ ዓሣው ዝዋይ ነው።

አራት ኪሎ፦
ጋሼ፣ እንዲህ ካልተጻፈ እኮ ወረቀቱን ገልጦ የሚያነብልን አናገኝም። «አየር ንብረት» የማይል ፕሮፖዛል ማን በጀት ይይዝለታል?

የፒያሳው፦
በል እንግዲህ፣ አንተው ተናገርከው። ለበጀት የሚጻፍ ቃል ነው።

የዝዋይ መስመር፦
ጋሼ እውነታቸውን ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ዓሣ ልጭን ሐይቁ ዳር የምውለው እኔ ነኝ። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፤ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። መቂና ቀታር ያስገቡለታል፣ በቡልቡላ በኩል ወደ አብጃታ ይሄዳል። ወንዞቹ ላይም ዳሩ ላይም የተደረደረውን ፓምፕ ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ አበባው ሁሉ የሚጠጣው ከዚያው ነው። የተረፈው ነው አብጃታ የሚደርሰው። እዚያ ደግሞ ሶዳ አሽ፣ ከሐይቁ ውሃ የሚወጣ የፋብሪካ ጨው፣ ለዓመታት ሲመረት ኖሯል። አብጃታ ድሮ ዓሣ የሚጠመድበት ሐይቅ ነበር፤ አሁን ውሃው ሸሽቶ ነጭ ጭቃ ነው የምታዩት። ይህን ፀሐይ ብቻዋን አላደረገችውም።

ሌላው መረቡ ነው። አሁን የሚገባው እንደ ፀጉር የቀጠነ የላስቲክ ክር ነው። ርካሽ ነው፣ ዓይኑ ጠባብ ነው፣ ሲቀደድም እዚያው ይጣላል። ተጥሎም ግን ማጥመዱን አይተውም፤ ውሃ ውስጥ ሆኖ ዓሣ እየያዘ ያበሰብሳል። ጫጩት ዓሣ ስታወጣ የዛሬን ሳይሆን የከርሞን ነው የምትሸጠው። ይህን አጥማጁም ያውቀዋል፤ «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ያወጣዋል» ነው መልሱ።

የፒያሳው ልጅ፦
የአባዬን ስልክ ወስጄ አይደለም፣ በራሴ ነው የገባሁት :) የተማርኩት ይህንኑ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አባዬ ግማሹን ልክ ነው። አየሩ መሞቁ ግን ውሸት አይደለም። ሙቀት ሲጨምር ትነቱ ይጨምራል፣ ጥልቀት የሌለውን ሐይቅ ደግሞ ቶሎ ይጎዳዋል። ችግሩ ሳይንሱ ላይ ሳይሆን ቃሉን እንደ ጃንጥላ ዘርግተው ሥሩ የሚጠለሉት ላይ ነው። ሐሮማያን አስታውሱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ሲደርቅ ብዙ ሰው «ዝናብ ጠፍቶ ነው» አለ። ከተሞች ከዚያው ይጠጡ ነበር፣ ጫቱና አትክልቱ በሞተር ይጠጣ ነበር፣ ከተራራው የሚወርደው አፈር ደግሞ ወለሉን ይሞላው ነበር። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሶ ታየ።

እምቦጭንም እንዲሁ እዩት። ቆቃ ላይ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ። ጣና ላይ የታየው በ2004 ነው። በ2013 ጥቅምት ዘመቻ ተብሎ ሕዝብ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ ማሽንም መጣ። አረሙን የሚያደልበው ግን ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከየከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ነው። እሱ ካልቆመ ነቀላው ፀጉር መቁረጥ ነው፤ ይበቅላል።

ጣና ላይ ሌላም አለ። እኛ በጅምላ «ነጭ ዓሣ» የምንለው ከ15 የማያንስ ዝርያ ነው፤ አብዛኛው በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም። ክረምት ሲገባ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ መገጭ ይወጣል። መረቡ የወንዙ አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ የሚበትንም አለ። አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝ ማጥመድን ከከለከለ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የሚጎድለው ወንዙ አፍ ላይ የሚቆም ሰው ነው። እና አባዬ፣ ቃሉን አናውጣው። ከጎኑ ፓምፑንም መረቡንም ፍሳሹንም በስማቸው እንጻፋቸው።

የፒያሳው፦
ቤት ስትመጪ እንነጋገራለን። (ጥሩ ጽፈሻል።)

ካዛንቺስ፦
ካዛንቺስ የምትሉኝ ስሙን ብቻ ነው፤ ቤቱ ከተነሳ ከርሟል፣ አሁን ያለሁት አራት ኪሎ ጀርባ በኪራይ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ «የግንዛቤ ማነስ» የምትለዋ ናት። ማንን ነው ግንዛቤ ያነሰው የምትሉት?

አምና በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ቪዲዮ በየስልኩ ዞረ፤ «የአበባ እርሻ ኬሚካል ዓሣ ውስጥ ገብቷል፣ አትብሉ» ይላል። የተቀረፀው የት ነው፣ መቼ ነው፣ ማንም አይጠይቅም። ረቡዕ ምሳ ላይ ሁልጊዜ ዓሣ ጉላሽ የሚበሉ ደንበኞቼ ሽሮ አዘዙ። ዓርብም ሽሮ። 40 ኪሎ ፊሌቶ ፍሪዘር ውስጥ ተቀምጧል፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ መብራት ሄደና እስከ እሁድ ከሰዓት አልመጣም። ስከፍተው ውሃው ሮዝ ሆኖ ከሥር ተኝቷል። በእጄ አንድ ጫፍ ይዤ ሳነሳው ተላቀቀ። ጎረቤት ሳይሰማ ሌሊት ጣልኩት።

እና የከነከነኝ ኪሳራው ብቻ አይደለም። አንድ የሠፈር አባት መጥተው «ልጄ፣ እውነት ነው እንዴ?» አሉኝ። ውሸት ነው ብዬ የምምልበት ወረቀት የለኝም። እውነት ነው የሚለውም ሰው ወረቀት የለውም። በየስብሰባው ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲወራ የሰማሁትን ያህል፣ አንድ ሰው መጥቶ ከሳጥኔ አንድ ዓሣ አንስቶ መርምሮ ውጤቱን ቢሰጠኝ ግድግዳዬ ላይ እሰቅለው ነበር። መጥፎም ከሆነ ይነገረኝ፣ ከሌላ ሐይቅ እገዛለሁ።

ጸሐፊዋ፦
እትዬ፣ ይህን ልክ እንዳሉት አንቀጽ ሁለት አድርጌዋለሁ፦ ገበያ ላይ ካለው ዓሣ በየወሩ ናሙና ተወስዶ የከባድ ብረቶችና የፀረ ተባይ ምርመራ እንዲደረግ፣ ውጤቱም በአማርኛ ለሻጩና ለበላተኛው እንዲለጠፍ።

አራት ኪሎ፦
ምርመራው ይሁን። ግን የምን ዓሣ፣ የየት ሐይቅ እንደሆነ ካልታወቀ ምኑን ይመረምሩታል? እንተማመን እንጂ ወገን። ሙሉው ሲሆን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቆሮሶ ቆሮሶ ነው፣ አምባዛ ጢም አለው። ተገፎ ከተቆረጠ በኋላ ግን ፒያሳ የማገኘው ሁሉ ቆሮሶ ነው። ዝዋይ ላይ ቆሮሶው አንሶ ካርፑና አምባዛው በዝቷል እየተባለ፣ እዚህ ሲደርስ በሙሉ ቆሮሶ የሚሆነው በምን ተአምር ነው?

የፒያሳው፦
ስድብ ነው ይሄ?

አራት ኪሎ፦
ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን አላልኩም። የእርስዎን ዓሣ ከጆሮው ሥር ገልጠው ቀዩን እያሳዩ እንደሚሸጡ አውቃለሁ። ተቆርጦ በፌስታል ስለሚመጣው ነው የማወራው።

የዝዋይ መስመር፦
እኔ ልመስክር። ሌሊት ስንጭን ይቀላቀላል። ሳጥን ላይ ሐይቁ፣ ዓይነቱና የወጣበት ቀን ቢጻፍ ለእኔም ይሻለኛል፤ የሻሸመኔን መንገድ ይዤ የሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ሳመጣ በዝዋይ ዋጋ ነው የምትቀበሉኝ።

ጸሐፊዋ፦
አንቀጽ ሦስት ሆነ። ስለ ፌስታል ካነሳችሁ፣ በ2017 በወጣው ሕግ ፌስታል ተከልክሏል፤ የጋራ ሐሳቡ ውስጥ እናስገባው?

ካዛንቺስ፦
አታስገቢው። ደንበኛ ሳህን ይዞ ይምጣ፣ ድሮም እንዲህ ነበር።

አራት ኪሎ፦
የሕዳሴ ግድቡ ንጋት ሐይቅስ? 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ውሃ ተኝቷል፤ ዝዋይን አራት እጥፍ ያክላል። ከዚያ ዓሣ እየወጣ ነው። ዝዋይ ላይ ከመነታረክ ወደዚያ ብናማትር?

የዝዋይ መስመር፦
ጉባ ከዚህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው ወንድሜ። ከዝዋይ 160 ኪሎ ሜትር ሳመጣ እንኳ ሞጆ ላይ መንገድ ከተዘጋ በረዶው ሟሙቶ ልቤ ይቆማል። ማቀዝቀዣ መኪና ካለህ አማትር።

ቀበና፦
እስካሁን ዝም ብዬ አነበብኩ። አንድ ነገር ልበል፣ አትቆጡ። ስለ ዝዋይ፣ ስለ ጣና፣ ስለ አብጃታ ተባለ። ስለ ቆቃ ማንም አልተናገረም፤ ከሳጥናችሁ ውስጥ የቆቃ ዓሣም አለ።

ቆቃ የሚገባውን ታውቃላችሁ? የቀበና ወንዝ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል። አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ፣ አዋሽ ወደ ቆቃ። የቆዳ ፋብሪካው፣ የጋራዡ ዘይት፣ የእኛ ሽንት ቤት፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ይወርዳል። በ2011 ወንዝ ዳሩን ማስዋብ ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር፣ 29 ቢሊዮን ብር ተባለ። ከቤቴ በታች ያለው ዳር አምሯል፣ አልክድም፤ ማታ ማታ ልጆቼን ይዤ እወርዳለሁ። ውሃው ግን አሁንም አፍንጫ ያስይዛል።

አሁን ወደ እኛው ልምጣ። ባለፈው ሐሙስ ፒያሳ ዓሣ ልገዛ መጥቼ ከሱቆቹ ጀርባ ባለው መተላለፊያ አለፍኩ። አንድ ልጅ ባልዲ ይዞ ወጣ፤ የዓሣ አንጀት፣ ጭንቅላት፣ ቅርፊት። ግራ ቀኝ አየና የቱቦውን ክዳን በእግሩ ገፋ አድርጎ ገለበጠው። ቅርፊቱ አስፋልቱ ላይ ቀርቶ እንደ ሳንቲም ያብለጨልጫል። ልጁን አልወቅስም፣ ታዞ ነው። ያ ቱቦ ዝናብ ሲመጣ ወዴት እንደሚሄድ ግን ሁላችንም እናውቃለን። «ፋብሪካው ይመርመር» ብለን ስንፈርም የሚመጣው ተቆጣጣሪ መጀመሪያ የሚከፍተው ያንን ክዳን ነው።

የፒያሳው፦
የማን ሱቅ ነው?

ቀበና፦
ጋሼ፣ አልናገርም። የእርስዎ አይደለም።

የፒያሳው፦
የእኔም ነው። ሐሙስ ባይሆን ማክሰኞ። ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች የዓሣ አንጀት አንወስድም ይላሉ፣ ይሸታል። ታዲያ ምን ላድርገው፣ ልብላው?

ሰብሳቢው፦
ጥሩ። እስቲ በዚሁ ላይ እንጨርስ። ከፓምፑ በፊት ይህ ይጻፍ የሚል ስሜት አለኝ፤ ሌላውን ስንጠይቅ አፋችን እንዲሞላ። ሐሳብ ያለው?

የዝዋይ መስመር፦
አይሱዙው ስመለስ ባዶውን ነው የምሄደው። ዱከም ላይ የማውቀው ዶሮ አርቢ አለ፤ አንጀትና ጭንቅላት ቀቅሎና አድርቆ ከመኖው ጋር ይቀላቅላል። ቢሰበሰብልኝ አደርስለታለሁ።

የፒያሳው ልጅ፦
በዓሣው ሳጥን ግን እንዳይሆን! ለብቻው ክዳን ያለው በርሜል፣ በየዙሩ የሚታጠብ።

ጸሐፊዋ፦
አንቀጽ አንድን እንደገና ጻፍኩት፦

«እኛ በአራዳና አካባቢዋ ዓሣ የምንሸጥና የምናበስል፣ ከሱቃችን የሚወጣውን ተረፈ ምርት ከዛሬ ጀምሮ ወደ ፍሳሽ መውረጃ ላለመጣል ተስማምተናል። በሐይቆቹ ዙሪያ ያለ ልክ የሚሳበው ውሃ፣ ጠባብ ዓይን ያለው መረብና ሳይጣራ የሚለቀቀው ፍሳሽ፣ ከአየሩ መሞቅ ጋር ተዳምረው ዓሣውን እያጠፉት ስለሆነ፣ የሚከተሉት ነገሮች እንዲፈጸሙልን እንጠይቃለን።»

ጋሼ፣ ቃሉ አለ፤ ግን መጨረሻ ላይ ነው።

የፒያሳው፦
መጨረሻ ላይ ከሆነ ይቀመጥ። እፈርማለሁ። ማኅተሙን ሰኞ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ።

ካዛንቺስ፦
«ከዛሬ ጀምሮ» ብላችሁ ልትፈርሙ ነው፤ በርሜሉ የታለ?

የፒያሳው፦
እኔ ጋ ሰማያዊ በርሜል አለ፣ ሁለት መቶ ሊትር። ክዳን ግን የለውም።

ቀበና፦
ክዳኑን እኔ ከመርካቶ አመጣለሁ። የአፉን ስፋት ለክተው ይላኩልኝ።