ለአውቶካድ የቱ ማውስ ይሻላል፦ ባለገመድ፣ ባለዶንግል ወይስ ብሉቱዝ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የቤት ፕላን መሳል ነው፤ ቀኑን ሙሉ አውቶካድ ላይ ነኝ። ላፕቶፔ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። አንዱን ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ይዞታል፣ ጎኑ ያለውን የማውሱ ዶንግል (ከገመድ አልባው ማውስ ምልክት የምትቀበለው ትንሿ መሰኪያ)። ፋይል ኮፒ ሳደርግ ማውሱ ይቆራረጣል። አንድ መስመር ልመርጥ ስል ጠቋሚው ዘሎ ሌላው ላይ ያርፋል። ባትሪ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ብሉቱዝ ልግዛ ወይስ ወደ ገመድ ልመለስ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ማውሱን እንዳትጥለው! ችግሩ ከሀርድ ዲስኩ ይመስለኛል። ዩኤስቢ 3.0 ዳታ ሲያስተላልፍ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ይፈጥራል። ዶንግልህ የሚሠራው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ግዛና ዶንግሉን ከዲስኩ አርቀህ ማውሱ አጠገብ አድርገው።

መልስ 2፦
ብሉቱዝ ቀዳዳ ስለማይዝ ለመንገድ እወደዋለሁ። ለስዕል ግን አልመክርህም። ትንሽ ካልነካኸው ይተኛል፣ እስኪነቃ ያስጠብቅሃል።

መልስ 3፦
እኔ በገመድ ነው የማምነው። ባትሪ አይል፣ ረብሻ አይል። ስትገዛ ግን የመሀሉን ጎማ እዚያው ሱቅ ተጫነው። አውቶካድ ላይ ፓን የምናደርገው (ስዕሉን ስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ የምንጎትተው) እሱን ተጭነን ስለሆነ፣ ጠንካራ ከሆነ ማታ ጣትህን ያምሃል።

ጠያቂው፦
ተባረኩ! ማራዘሚያ ከጓደኛዬ ተውሼ፣ ዲስኩ ፋይል እየገለበጠ ሳለ ሞከርኩት። አንዴም አልዘለለም። የራሴን ልገዛ ነው።